ካርታው የሚያልቅበት ቦታ፦ ሳቢያን ውስጥ የተገዛ አንድ የኪራይ ግቢ

ጉዳዩ ባጭሩ

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴ የሚከራይ ቤት ለመግዛት መዞር ጀመረች። በ2017 ጥቅምት፣ ሳቢያን በሚባለው የከተማው ሰፈር ያለ አንድ ግቢ በስሟ ዞረ። ግቢው በደላላው አፍ ስድስት ኪራይ የሚሰበሰብበት ነበር፤ በይዞታ ካርታው ግን ሦስት ብቻ። ልዩነቱ የታወቀው ቀብድ ከመከፈሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ ባለ 30 ሜትር መለኪያ መሬት ላይ ሲዘረጋ ነው።

የሰዎቹ ስምና የግቢው ትክክለኛ ቦታ ቀርቷል። የብር መጠኖቹ የዚህ አንድ ግዢ ናቸውና ለሳቢያን ወይም ለድሬዳዋ የገበያ ዋጋ ተደርገው አይወሰዱ።

ገንዘቡ ከየት መጣ

ገዢዋ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለች፣ ያላገባች፣ ታይዋን ገበያ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። በባንክ 2,750,000 ብር ነበራት። መስከረም ላይ የሚደርሳት የ600,000 ብር ዕቁብ አለ። ውጭ አገር ያለ ወንድሟ ያለወለድ 370,000 ብር አበደራት። ድምሩ 3,720,000 ብር ነው።

የባንክ ብድር ሞክራ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ ግን፣ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ የቤት መግዣ የሚለቀቅ ገንዘብ አልተገኘም። ስለዚህ ግዢው ሙሉ በሙሉ በእጅ ገንዘብ ነበር። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ጎን አለው፦ ወለድ የለም። መጥፎ ጎኑ ደግሞ ቤቱን ባንክ አለማየቱ ነው። የሚያበድር ባንክ ካርታውን ያስመረምራል፣ መሐንዲስ ልኮ ያስገምታል። በራሷ ገንዘብ የምትገዛ ሰው ይህን ሥራ ራሷ መሥራት አለባት።

አይታ የተወቻቸው ሦስት ቤቶች

የመጀመሪያው ከዚራ ሰፈር ነው፤ በባቡሩ ዘመን ከተሠሩት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ደጁ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ። 900,000 ብር ሲባል ዋጋው ራሱ ነገሩን ተናግሯል። የሚሸጠው ቤቱ ሳይሆን «ቁልፉ» ነው። ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ የቀበሌ ቤት ነው፤ ሻጭ የተባለውም ተከራይ ነው። ቁልፍ የገዛ ሰው በእጁ የሚቀረው አንድ የማይመዘገብ ወረቀትና በሌላ ሰው ስም የሚቆረጥ የኪራይ ደረሰኝ ነው።

ሁለተኛው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ከተራራው በወረደ ጎርፍ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ሻጩ ስለ ጎርፉ ሲጠየቅ «ግድግዳ ተሠርቶለታል» አለ። አጠገብ የሚኖሩ እናት ግን ወጥተው፣ ከመስኮቱ ከፍ ያለ ቦታ በመዳፋቸው እየነኩ «ውሃው እዚህ ነበር» አሉ። ጎረቤት ኮሚሽን ስለሌለው፣ ቤት ከማየት በፊት ጎረቤት ማናገር ይሻላል።

ሦስተኛው ከከተማው ዳር 250 ካሬ ሜትር ሰነድ አልባ ቦታ ነው፤ 450,000 ብር፣ የመንደር ውል፣ የሽማግሌዎች ፊርማ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው በሕጋዊ ይዞታ ላይ የተሠራው ቤት ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚሸጥ ቤትም፣ ሕጋዊ ይዞታም አልነበረም።

የሳቢያኑ ግቢ

አራተኛው ቤት ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ይመስል ነበር። ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ) ነው፣ ካርታ አለው፣ ካርታው ላይ 200 ካሬ ሜትር ተጽፏል፤ 10 ሜትር በ20 ሜትር። ከፊት ባለ ሦስት ክፍል ዋና ቤት፣ ከጎን ሁለት ሰርቪስ፣ ከኋላ ሦስት ሰርቪስና ሁሉም ተከራይ የሚጠቀምበት መጸዳጃ። የተጠየቀው ዋጋ 4,200,000 ብር ነው።

ደላላው ሂሳቡን በቃሉ ያውቀዋል። ዋናው ቤት 8,500፣ አምስቱ ሰርቪሶች እያንዳንዳቸው 2,300፣ በወር 20,000፣ በዓመት 240,000 ብር። «አንቺ ስትይዢው ደግሞ ትጨምሪያለሽ» አላት።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በሕግ አትቆምም። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያሳውቀው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ተከራይ ያለበትን ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ዛሬ የሚከፈለውን ኪራይ ነው፤ ነገ የሚጨመረውን በዋጋ ውስጥ አስገብቶ መክፈል የለበትም። 240,000 ብሩም ቢሆን ከ4,200,000 ብር 5.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ያውም ግብርም ጥገናም ሳይነካው።

ሜትሩ ያሳየው

ገዢዋ የካርታውን ኮፒ ይዛ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይከር ገባች። የሜትሩን ጫፍ የያዘላት ዕቃ የሚጭንላት ልጅ ነው። የፊቱ ወርድ ልክ 10 ሜትር ወጣ። የቀኙን ጎን ከበሩ ምሰሶ ጀምረው ወደ ኋላ ሲለኩ ግን ሜትሩ 20 ላይ አላቆመም። የኋላው አጥር ጋ ሲደርስ 24 ሜትር ከ20 ሆነ። በግራ በኩልም እንዲሁ።

ከዚያ ያደረገችው ነገር የጉዳዩ ቁልፍ ነው። ትርፉን በካሬ ሜትር አስልታ ዝም አላለችም፤ 20ኛው ሜትር የት እንደሚያርፍ በሁለቱም ጎን በጠመኔ አሰመረች። አንደኛው ምልክት ያረፈው የልብስ ማስጫ ገመድ የታሰረበት ብረት ላይ ነው። ከብረቱ ኋላ 1 ሜትር ከ20 መተላለፊያ አለ፤ ከመተላለፊያው ኋላ ሦስቱ ሰርቪሶችና መጸዳጃው፣ ጥልቀታቸው 3 ሜትር። እንግዲህ 42 ካሬ ሜትሩ «ትንሽ ትርፍ» አይደለም። ከስድስቱ ኪራይ ሦስቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ መጸዳጃው ከነጉድጓዱ እዚያ መሆኑ ነው። ያ ቦታ ከተወሰደ ካርታ ያላቸው ሁለቱ ሰርቪሶችም አይከራዩም።

ሻጩ «አቦ፣ ከ15 ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው፣ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አለ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማስለቀቂያ ካሳ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። ያልተጠየቀ ቦታ ሕጋዊ ሆነ ማለት አይደለም፤ እስኪጠየቅ ተቆየ ማለት ነው።

ሜትር ርዝመትን እንጂ ወሰኑ የት እንደሆነ አያሳይም። ትርፉ ከኋላ ይሁን ከፊት የሚታወቀው ካርታው ላይ ባሉት የማዕዘን ነጥቦች ነው። አንድ ወዳጅ በስልክ ጂፒኤስ ሊያይላት ፈልጎ ነበር። የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ይስታል፤ የ4 ሜትር ከ20 ጥያቄ በእሱ አይመለስም። ቀያሽ ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ ነጥቦቹን እንዲያወጣ 12,000 ብር ተከፈለው። ውጤቱ፦ የፊቱ መስመር ትክክል ነው፣ ትርፉ በሙሉ ከኋላ ነው። የከተማው ፕላን ሲታይ ደግሞ ያ ቦታ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ የተያዘ ሆኖ ተገኘ። ትርፍ ይዞታ አንዳንዴ በሥርዓት ተስተካክሎ ካርታ ውስጥ የሚገባበት ዕድል አለው፤ መንገድ ላይ ያረፈ ትርፍ ግን ያ ተስፋም የለውም።

ዋጋው እንዴት ወረደ

አዲሱ ሂሳብ ቀላል ነበር። ካርታ ውስጥ ያለው ኪራይ ዋናው ቤትና ሁለቱ ሰርቪሶች ናቸው፤ በወር 13,100፣ በዓመት 157,200 ብር። ይህ ደላላው ካለው 65.5 በመቶ ነው። የ4,200,000 ብር 65.5 በመቶ 2,751,000 ይሆናል። ከዚህ ላይ አዲስ መጸዳጃና ሰፕቲክ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ለመሥራት የተገመተውን 180,000 ብር ቀንሳ፣ 2,600,000 ብር አቀረበች።

ሻጩ ተቆጣ፤ ቢያንስ ደላላው እንደዚያ ብሎ አወራ። ድርድሩ አራት ቀን ወስዶ በ3,350,000 ብር ተቋጨ። ከሂሳቧ በላይ የከፈለችበት ምክንያት የፊቱ መሬት ነው፦ 10 ሜትር የመንገድ ዳር ስፋት ያለው ቦታ ወደፊት ለሱቅ ይሆናል። ይህ ምክንያት ደካማ አይደለም፤ ግን ከኪራይ ገቢ ጋር መደባለቅ አልነበረበትም። ገዢዋ ራሷ ለየብቻ ጽፋ ብታስቀምጠው፣ «ለኪራዩ ይህን ያህል፣ ለተስፋው ይህን ያህል» ከፈልኩ ብላ ታውቅ ነበር።

የሚስት ፊርማ

ካርታው በሻጩ ስም ብቻ ነው። ሚስቱ ጅቡቲ ከልጃቸው ጋር ትኖራለች። «ካርታው በስሜ ነው፣ ሚስት ምን አመጣው?» አለ። ድሬ አንቱታ ብዙም የላትም፤ ገዢዋም በአባቷ ዕድሜ ያለውን ሰው «አንተ፣ ያለሷ ፊርማ አንድ ብር አልሰጥህም» ብላ መለሰችለት፤ ማንም አልተቀየመም።

ልክ ነበረች። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የሚሠራባት የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በአንቀጽ 68 የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ውሉን በፍርድ ቤት ሊያስፈርስ ይችላል፤ የጊዜ ገደቡ ሽያጩን ካወቀ 6 ወር፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ነው። ጀማሪ ገዢ ያለዚያ ፊርማ ቢከፍል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ቤት ላይ ቀለም ይቀባል ማለት ነው።

ሰኔ 2016 ላይ 150,000 ብር ቀብድ ተከፈለ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ተጻፈ፦ ዋጋው፤ የሚስት ውክልና በ60 ቀን ውስጥ መቅረቡ፤ ካልቀረበ ቀብዱ እንዳለ መመለሱ። የመጨረሻው የተጻፈው ያለምክንያት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈገፍግ አጠፌታውን ይመልሳል። ውክልናው ባይደርስ ያፈገፈገው ማን ነው? ይህ ለክርክር እንዳይተው ነው።

ሚስት ጅቡቲ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቀርባ ውክልና ሰጠች፤ ወረቀቱ በአዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ መጣ። ውልና ማስረጃ ሲቀርብ ግን አልተቀበሉትም። የተጻፈው «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» ነው። ማስተዳደር መሸጥን አይጨምርም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ለመሸጥና ስመ ንብረት ለማዛወር» የሚል ቃል መኖር አለበት። ሁለተኛው ውክልና እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። የውክልናው ረቂቅ ከመላኩ በፊት ለውልና ማስረጃ ሠራተኛ ቢታይ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። ሦስቱ ሳምንታት ደግሞ ክፉ ጊዜ ላይ ወደቁ።

ከሐምሌ 22 በኋላ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በማግሥቱ ሻጩ ደወለ፦ 3,700,000 ካልሆነ አይሸጥም። ሌላ ገዢ አለኝም አለ፤ ይኑር አይኑር የሚያውቀው እሱ ነው።

ገዢዋ በእጇ ያለው የቀብድ ወረቀትና የፈረሙት ሁለት ምስክሮች ነበሩ። ወረቀቱ በውልና ማስረጃ ያልጸደቀ ስለሆነ ፍርድ ቤት ቢደርስ ራሱን የቻለ ሙግት ይሆን ነበር። ነገሩ የተያዘው በምስክሮቹ ነው፤ ሁለቱም ሻጩ በየቀኑ የሚያገኛቸው የሰፈር ሽማግሌዎች ናቸው። ምስክር ሲመረጥ የገዢ ወዳጅ ሳይሆን ሻጩ የሚያፍረው ሰው እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚህ ጉዳይ ከተገኙት ጥሩ ብልሃቶች አንዱ ነው።

በዚሁ ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ መጣ፦ ውሉ ላይ 1,200,000 ብር ብቻ ይጻፍ። ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ ያልቆየ ቤት ሲሸጥ ሻጩ ካገኘው ጥቅም ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ ከተጻፈ ግብሩ ይቀንሳል። ገዢዋንም «ለአንቺም የቴምብሩ 2 በመቶ ይቀንስልሻል» አሏት። ይህ ነገር የተለመደ ስለሆነ ብዙ ጀማሪ ሳያስብ ይፈርማል። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው ኪሳራው የገዢ መሆኑ ነው። ውሉ ነገ ቢፈርስ «ይመለስ» የሚባለው የተጻፈው ገንዘብ ነው፤ ቀሪው 2,150,000 ብር የት እንደገባ ማስረጃ የለም። ቤቱን ስትሸጠው ደግሞ የገዛችበት ዋጋ 1,200,000 ተብሎ ይያዝና የሻጩን የዛሬ ግብር እሷ ነገ ትከፍለዋለች።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ ጨረሱት። ዋጋው በ3,350,000 ይጸናል፣ ሙሉው ይጻፋል፣ ከሻጩ ግብር 120,000 ብሩን ገዢዋ ትችላለች። ከገንዘብ አንጻር በድርድሩ ያጣችው ትልቁ ነገር ይህ ነው። የገዛችው ግን ጥርት ያለ ሰነድ ነው፤ ተገቢ ክፍያ ነበር ማለት ይቻላል።

ውሉ፣ ክፍያውና ስም ዝውውሩ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውልና ማስረጃ ተፈረመ። ከዚያ በፊት የቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆን ሁለት ጊዜ ተጣርቷል፦ አንዴ ከቀብዱ በፊት፣ አንዴ በፊርማው ሳምንት። ሁለተኛው ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም፤ በሁለት ወር ውስጥ ቤት በመያዣ ሊያዝ ወይም ሊታገድ ይችላል።

ክፍያው በሦስት ተከፈለ። ቀብዱ 150,000፣ በፊርማው ዕለት በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው ቼክ) 2,550,000፣ ካርታው በስሟ ሲወጣ 650,000 ብር። የመጨረሻው ክፍያ የተያዘው ሻጩ ለግብርና ለዝውውሩ በየቢሮው እንዲሮጥ ነው፤ ሮጧልም። ያልተከፈለ የውሃና የመብራት ዕዳ ከዚሁ ላይ ተቀነሰበት።

ደላላውም ሻጩም ያልነገሯት አንድ ነገር ነበር። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ይገባል። ቅድመ ክፍያው 18,000 ብር ስለነበር አልጎዳትም። ቀሪው ግን ለዓመታት በየዓመቱ የሚከፈል ነው፤ የኪራይ ሂሳቧ ውስጥ አልነበረም።

ጥገናው

አዲሱ መጸዳጃ በ20ኛው ሜትር ውስጥ፣ በሁለቱ ሰርቪሶች ጎን ተሠራ። ግምቱ 180,000 ብር ነበር፤ 246,000 ፈጀ። ከፊሉ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ነው። ከፊሉ ደግሞ አፈሩ ነው፤ ቦታው አሸዋና ጠጠር ስለሆነ ጉድጓዱ 2 ሜትር ላይ ሲደርስ ጎኑ ተናደ። በድንጋይ ግንብ እየደገፉ መውረድ ግድ ሆነ። ወለሉ ክፍት ሆኖ ወደ አፈር የሚያሰርግ ጉድጓድ በርካሽ ይሠራ ነበር። ግን ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ከውሃ ጉድጓዶቹም ሳቢያን ውስጥ ያሉ አሉ፤ ስለዚህ ተለስኖ የተዘጋ፣ በቦቴ የሚመጠጥ ተሠራ።

የቧንቧውን ነገር ማንም አላሰበውም ነበር። ዋናው ቤት ውስጥ ውሃ በቀጭኑ ይወርዳል። ቧንቧ ሠራተኛው አንዱን የግማሽ ኢንች መታጠፊያ ቆርጦ ሲያሳይ፣ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተሞልቶ የቀረው ቀዳዳ እርሳስ የሚያሳልፍ ያህል ነው። የድሬዳዋ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ የድሮ የብረት ቧንቧ ያለበትን ቤት የሚያይ ሰው ሁሉንም ቧንቧ አንድ ላይ ከፍቶ፣ አንድ ባልዲ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይቁጠር። መስመሩ በሦስት ሩብ ኢንች ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ተቀየረ፣ ሮቶው ከጣሪያ ወርዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ፣ የዋናው ቤት ኮርኒስ ታደሰ። ይህ ሁሉ 94,000 ብር።

ሂሳቡ ሲዘጋ

ዋጋው 3,350,000፤ የሻጭ ግብር ድርሻ 120,000፤ ቴምብር 67,000፤ ድለላ 67,000፤ ቀያሽ 12,000፤ የሊዝ ቅድመ ክፍያ 18,000፤ መጸዳጃና ሰፕቲክ 246,000፤ ቧንቧና ኮርኒስ 94,000። ጠቅላላው 3,974,000 ብር ነው። ከውሉ ዋጋ በላይ 624,000፣ ማለትም 18.6 በመቶ ወጥቷል።

ገቢው እንዲህ ነው። በወር 13,100፣ አንድ ወር ባዶ ይቀራል ተብሎ በ11 ወር 144,100 ብር። የሂሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ግማሹ ለወጪ ይቀነስለታል፤ በቀሪው 72,050 ብር ላይ የሚደርሰው ግብር 11,230 ብር ገደማ ነው። (አዋጁ በ2017 መጨረሻ ተሻሽሏልና ዛሬ የሚያሰላ ሰው አዲሱን ሠንጠረዥ ይያዝ።) ጥገና 15,000፣ የሊዝ ዓመታዊ ክፍያና የጣሪያና ግድግዳ ግብር 9,000 ሲቀነስ የሚተርፈው 108,870 ብር ነው፤ ካወጣችው 2.7 በመቶ። ያው ገንዘብ በዝቅተኛው የ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ 278,180 ብር ያስገባ ነበር።

ይህ ቁጥር ግዢው ስህተት ነበር ማለት አይደለም። በእኛ ከተሞች ቤት የሚገዛው በአብዛኛው ለኪራዩ ሳይሆን ብር ሲረክስ ዋጋ ይዞ እንዲቆይ ነው። ግን እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይባል። «ኪራይ ልበላበት» ብሎ የሚገዛና «ገንዘቤን ላስቀምጥበት» ብሎ የሚገዛ ሰው የሚፈልጉት ቤት አንድ አይደለም። ሁለተኛው ሰው ስድስት ተከራይና አንድ መጸዳጃ አያስፈልገውም።

ያልሠራው

ትልቁ ስህተት መጠባበቂያ አለመኖሩ ነው። ስም ዝውውሩ ሲያልቅ በእጇ የቀረው 86,000 ብር ሲሆን የሚጠብቃት ሥራ የ340,000 ነበር። 254,000 ብር ከሱቁ መንቀሳቀሻ ተወሰደ፤ ገና መጥቶ ሱቋ ውስጥ ጨርቅ የለም። የጠፋው የገና ትርፍ ከላይ ባለው ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

ሁለተኛው፣ የመጸዳጃው ግምት የተወሰደው ከአንድ ሠራተኛ፣ ያለ ቁፋሮ ሙከራ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ቢቆፈር አፈሩ ይታወቅ ነበር። ሦስተኛው፣ ከነባር ተከራዮች ጋር የጽሑፍ ውል ሳይኖር ቤቱን መረከቧ ነው። ማን ስንት ቅድሚያ እንደከፈለ ሻጩ ሌላ፣ ተከራዮቹ ሌላ ተናገሩ፤ የአንዱን የሁለት ወር ኪራይ ሳትቀበል ቀረች። በኋላ ከሁሉም ጋር የሁለት ዓመት ውል ተጽፎ በ30 ቀን ውስጥ ተመዘገበ፣ ኪራዩም በባንክ ሆነ። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ነበረበት፦ የተከራዮች ዝርዝርና ቅድሚያ ክፍያቸው ተከራዮቹ ራሳቸው ፈርመውበት ከሽያጩ ውል ጋር መያያዝ።

ሌላ ጀማሪ ሊወስደው የሚችለው

ቤት ሲታይ የካርታው ኮፒና ሜትር አብረው ይግቡ። የሚፈለገው ትርፍ መሬት አለ ወይ የሚል መልስ ብቻ አይደለም፤ ካርታው የሚያልቅበት መስመር መሬት ላይ ተሰምሮ፣ ከመስመሩ ውጭ የቀረው ነገር ይቆጠር። ክፍል ብቻ ሳይሆን መጸዳጃ፣ የውሃ መስመር፣ ቆጣሪ፣ በር። ኪራይ የሚሰላው ከመስመሩ ውስጥ ላለው ብቻ ነው።

የኪራይ ሂሳብ ሲሠራ 12 ሳይሆን 11 ወር ይያዝ፣ ግብሩና ዓመታዊ ክፍያዎቹ ይቀነሱ፣ የሚካፈለውም በውሉ ዋጋ ሳይሆን ቤቱ ሥራ እስኪጀምር በሚወጣው ሙሉ ገንዘብ ይሁን። በዚህ ጉዳይ ከዋጋው በላይ ወደ 19 በመቶ ወጥቷል። ሁለት ሚሊዮን ብር ያለው ሰው የሁለት ሚሊዮን ብር ቤት መግዛት አይችልም።

የትዳር ሁኔታ ከካርታው ስም ይለያል፤ ሻጩ «አላገባሁም» ካለ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ፣ «ፈትቻለሁ» ካለ የፍቺና የንብረት ክፍፍል ውሳኔ፣ «ወርሻለሁ» ካለ የወራሽነት ማረጋገጫና የሁሉም ወራሾች ፊርማ ይቅረብ።

አሁን ያለበት

የኋላዎቹ ሦስት ክፍሎች ተከራዮች ሲለቁ ሌላ አልገባባቸውም። ገዢዋ የሱቋን ጨርቅ ታስቀምጥባቸዋለች፤ ገበያ ውስጥ ለመጋዘን የምትከፍለው 3,000 ብር ቀርቶላታል። ጨርቅ በአንድ ቀን ተጭኖ ይወጣል።

መጋቢት 2017 ላይ ቀያሾች በሰፈሩ የኋላ መስመር አለፉ። ሲሄዱ በሦስቱ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ቀይ ኤክስ ቀብተው ነበር። አዲሱ መጸዳጃ ላይ ምንም አልተቀባም።